በ14 ዓመቱ ኮከብ የተባለው ልጅ

የጎንደር ልጆች ስለ ስፖርት በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ጀምሮ አንድ ክር፣ ማለትም ተከታታይ የውይይት ርእስ፣ ተከፍቶ፣ ሰው እየገባ ሲጽፍበት ሰንብቷል። ብዙውን ጊዜ እዚያ የሚነሣው የፋሲል ከነማ ጉዳይ ነው፤ ማን መሰለፍ እንደነበረበት፣ ዳኛው የቱ ላይ እንደበደለን። ይህኛው ግን ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ስለሚጫወት የ17 ዓመት ልጅ ነው። ክሩ ረዝሞ መሐሉ ላይ ስለተመሰቃቀለ፣ ላላነበቡት ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርከው ፈለግኩ። ስም አልጠራም። የታዳጊዎች ቡድን ለዓመታት ያሰለጠንኩ የስፖርት መምህር ነኝና ነገሩ ያንገበግበኛል፤ ሐሳቤንም አልደብቅም።

ክሩን የከፈተው ፒያሳ አካባቢ የልብስ ሱቅ ያለው ሰው ነው። እህቱ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጇ እዚያው ተወልዶ መራመድ በቻለ ማግስት በረዶ ላይ ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት የምዕራብ ካናዳ የወጣቶች ሊግ ቡድኖች ታዳጊዎችን በሚመርጡበት ዕለት በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። ጎንደር ያለው ዘመድ በግ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ ደገሰ። አጎትየው ልጁ ማልያ ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሞ ከሱቁ በር በላይ ሰቀለው፤ ከሥሩም የነገው ኮከብ ተብሎ ተጻፈ። ጨዋታው እዚያ ማታ 1 ሰዓት ሲጀመር እዚህ ሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ከእንቅልፉ እየተነሣ ውጤት ሲከታተል ሁለት የውድድር ዘመን አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ 3 ግብ አገባ፣ በሁለተኛው 5። የሰፈሩ ሰው መጠየቁን አላቆመም። ስለዚህ አጎትየው ልጁ ጠግቧል፣ የካናዳ ምቾት አስንፎታል ሲል ደመደመ፤ ነሐሴ ላይ ለቡሄ ቤተሰቡ ሲመጣ አስቀምጦ ሊገሥጸው እንዳሰበም ገለጸ። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ልጁ አበቃለት ወይስ ተስፋ አለው ብሎ ጠየቀ።

1ኛው ምላሽ በጨዋ ሰላምታ የተሞላ ነበር። ጸሐፊው ቤተሰቡን እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ፣ ይህ ሆኪ ሕንዶች በሣር ላይ የሚጫወቱት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። 2ኛው አረመው፤ የሚጫወቱት በበረዶ ላይ፣ በምላጭ ጫማ እየተንሸራተቱ መሆኑን፣ ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት እንዳለው፣ በአንድ ጊዜ ከግብ ጠባቂው ጋር ስድስት ሰው ብቻ እንደሚሰለፍ አስረዳ። ከዚያ አጎትየው ያላወቀውን ቁም ነገር ጨመረ። በሆኪ ተጫዋች እንደ እግር ኳስ ሙሉ ጨዋታውን ሜዳ ላይ አይቆይም። አንዱ ጓድ፣ ማለትም አብረው የሚሰለፉ ተጫዋቾች፣ ወጥቶ ሌላው የሚገባው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። ጨዋታው በሦስት ክፍል የተከፈለ 60 ደቂቃ ቢሆንም፣ ከአራቱ የአጥቂ ጓዶች በመጨረሻው ውስጥ የተመደበ ልጅ በአንድ ምሽት የሚያገኘው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የገቡትን ግቦች ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን አያይም።

3ኛውን የጻፈው ኤድመንተን የሚኖር የአዘዞ ልጅ ነው፤ የልጁን ወላጆችም ያውቃቸዋል። ያ ሊግ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶች የሚጫወቱበት መሆኑን ነገረን። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጢም ያበቀሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ የ20 ዓመት ጎረምሶች መሐል ይገባል፤ በአካል መጋጨት ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው የጨዋታው አካል ነው። በዚያ ላይ የመረጠው ቡድን በሌላ ከተማ ስለሆነ ልጁ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ተጫዋች ተቀብሎ በሚያሳድር በማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ ይኖራል። በአንድ የውድድር ዘመን 68 ጨዋታ አለ፤ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ጠዋት ትምህርት የሚገባበት ቀን ብዙ ነው። ይህን ሰው ልብ ብላችሁ ያዙት፤ ኋላ ይመለሳል።

4ኛው ለልጁ ጸሎት እንደሚያደርግ ተናገረ፤ 5ኛው ደግሞ አሜን ብሎ ፋሲል ከነማ በመጪው ዓመት ማንን እንደሚያስፈርም ጠየቀ።

6ኛው ምላሽ ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው የድሮ ሯጭ ነኝ ይላል። በእርሱ አስተያየት ልጁን የጎደለው ችግር ማየት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ሲያመጣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት እንዳልነበረው አስታውሶ፣ ዛሬ ጫማውም ዱላውም ተገዝቶለት 5 ግብ ያገባን ልጅ ማባበል እንደማይገባ ጻፈ። አጎትየው መገሠጽ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሚልኩት ወላጆች እጃቸውን እንዲሰበስቡ መከረ።

የ7ኛው መልስ በዚህ ክር ካነበብኳቸው ሁሉ ከሚጥሙኝ አንዱ ነው። ጸሐፊው ሳይሳደብ፣ ሳይጮህ፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ እንደነበረ አስታወሰ። በ14 ዓመቱ ማንም ፎቶውን በር ላይ አልሰቀለም፤ ዓለምም ሮም ላይ እስኪሮጥ ድረስ አያውቀውም ነበር። ከዚያ ወደ ሆኪው ገብቶ የጆ ቶርንተንን ታሪክ አመጣ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 በሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ከወጣቶች ሁሉ ቀድሞ አንደኛ የተመረጠ ነው። የቦስተን ክለብ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት በ55 ጨዋታ ያገባው 3 ግብ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አበቃለት ተብሎ ቢተው ኖሮ፣ በ2005/06 የውድድር ዘመን 125 ነጥብ ሰብስቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለውን ሰው ማንም ባላየ ነበር። በሆኪ ነጥብ ማለት ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ እንደሆነም ለማናውቀው አብራራልን።

8ኛው ጸሐፊ በዚህ አልተስማማም። ደስ የሚሉ ታሪኮችን ብቻ መርጦ ማውራት ቤተሰቡን ማታለል ነው ባይ ነው፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኦታዋ አንደኛ አድርጎ የመረጠው አሌክሳንደር ዴግል አንድ ጨዋታ ሳያደርግ የአምስት ዓመት፣ የ12.25 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። የከተማው ሰው አዳኝ መጣልን አለ። ልጁ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ በመጀመሪያው ዓመት 20 ግብ አግብቷል። የተጠበቀው ግን ያ አልነበረም። ሕዝቡ ሲያጉረመርም እርሱም ልቡ ከጨዋታው ራቀ፤ በ25 ዓመቱ ገደማ ሆኪን ትቶ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢመለስም የተባለለትን ሳይሆን ቀረ። ለጀማሪ ተጫዋቾች የሚከፈለው ደመወዝ በ1995 ጣሪያ እንዲበጅለት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም የእርሱ ውል ነው። 8ኛው ጸሐፊ ከዚህ ያወጣው ትምህርት አንዳንዱ ልጅ በእርግጥም የተባለውን አለመሆኑን ነው።

እኔ ይኸንኑ ታሪክ ሳነብ የታየኝ ሌላ ነው። 616 ጨዋታ በዓለም ትልቁ ሊግ የተጫወተ ሰው እንዴት ከንቱ ይባላል? ስንት ሺህ ልጅ አንዲት ጨዋታ ሳያገኝ ቀርቷል! ከንቱ ያስባለው የሌሎች ሰዎች ምኞት ነው እንጂ የሠራው ሥራ አይደለም።

9ኛው ይህንኑ አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1999 አትላንታ ፓትሪክ ስቴፋንን አንደኛ መረጠ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የተመረጡት የሲዲን መንትዮች ነበሩ። ስቴፋን በጉዳት እየተንገላታ 64 ግብ አግብቶ ጨዋታ አቆመ። መንትዮቹም ቢሆኑ ወዲያው አልፈነዱም፤ ቫንኩቨር ለዓመታት ታገሣቸውና ሄንሪክ በ2010 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2022 ሁለቱም የሆኪ የዝና አዳራሽ ገቡ። ጸሐፊው አጎትየውን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ ቡድን ይታገሣል ወይ?

10ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነሣሁትም የስሎቫኪያውን ዩራይ ስላፍኮቭስኪን ነው። ይህ ልጅ በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ7 ጨዋታ 7 ግብ አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ አገሩም ነሐስ አገኘች። በዚያው ዓመት ጁላይ ሞንትሪያል አንደኛ አድርጎ መረጠው። ሞንትሪያል በሊጉ ከሁሉም በላይ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነው፤ 24 ጊዜ ወስዷል፤ ከ1993 ወዲህ ግን አንድም አላገኘም። ምርጫው የተካሄደው እዚያው ሞንትሪያል በራሱ አዳራሽ ሲሆን፣ ብዙ ደጋፊ የጠበቀው ሼን ራይት የተባለውን ካናዳዊ ነበር። አስቡት፤ 18 ዓመት የሞላህ ልጅ ነህ፣ ከፊንላንድ ሰፊ ሜዳ ወደ ጠባቡ የአሜሪካ ሜዳ መጥተሃል፣ ለማሰብ ያለህ ጊዜ በግማሽ አንሷል፣ የከተማው ግማሽ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር የሚፈልገው። በመጀመሪያው ዓመት በ39 ጨዋታ 4 ግብ አገባ፤ ጥር ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ እዚያው አበቃ። ወደ ታችኛው ሊግ ይውረድ የሚለው ጩኸት በዛ። ክለቡ ግን አላወረደውም። በሁለተኛው ዓመት ከሱዙኪና ከኮፊልድ፣ ከቡድኑ ምርጥ አጥቂዎች ጋር አሰለፉት፤ 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቶ 20 ግብ አገባ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጁላይ የስምንት ዓመት፣ የ60.8 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

ይህን የጻፍኩት መጨረሻው ስላማረ አይደለም። ልጁ ያው ልጅ ነበር፤ የተለወጠው ከማን ጋር፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጫወት ነው። እኔም ከጎንደር ትምህርት ቤቶች ታዳጊዎች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ተቀያሪ ሆኖ ለአሥር ደቂቃ የሚገባ ልጅ ኳስ ሲነካ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያችን አሥር ደቂቃ እንደ ፈተና ስለሚያያት ቀላሉን አቀባበል ትቶ ከባዱን ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይወጣል። ተመልካች ይህን አይቶ አይችልም ይላል።

11ኛው ጸሐፊ ልጁ የተወለደበትን ወር ጠየቀ። ሰው ግራ ገባው፤ አንዱማ ኮከብ ሊቆጥር ነው ወይ ብሎ ነበር። በ12ኛው አጎትየው መለሰ፤ ልጁ የተወለደው በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር መጨረሻ። 13ኛው ምላሽ ረጅም ነበር፤ ጸሐፊው የሒሳብ መምህር ሳይሆን አይቀርም። በካናዳ ሆኪ ልጆች የሚከፋፈሉት በተወለዱበት ዓመት ሲሆን መነሻው ጃንዋሪ 1 ነው። በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ እኩል ዕድሜ እንዳላቸው ተቆጥረው በአንድ ቡድን ይጫወታሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት አለ። በልጅነት አንድ ዓመት ማለት ቁመት ነው፣ ጉልበት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ተጫዋቾች ከድርሻቸው በላይ እንደሚበዙ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ተወልደው በኤን ኤች ኤል የተመረጡት ልጆች ከተገመተላቸው በላይ እንደሚሠሩ አረጋግጧል፤ ተጫዋች የሚመርጡት መልማዮች በአካል መጎልበትን ከችሎታ ጋር ስለሚያምታቱት ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ይረሳል።

ይኸው ጸሐፊ ይህን በልጁ ላይ ሲያሰላው ነገሩ ፍንትው አለ። የወጣቶቹ ሊግ ሲመርጠው እኩዮቹ የተባሉት ብዙዎቹ 15 ሞልተው ነበር፤ እርሱ ገና 14 ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ሲሰለፍ 16 እንኳ አልሞላውም። የኤን ኤች ኤል ምርጫ ደንብ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አብዛኞቹ የእርሱ ዓመት ልጆች ዘንድሮ ሲመረጡ እርሱ ተራው የሚደርሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ገና አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አለው። ጠፋ ተብሎ ሐዘን የተቀመጠለት ልጅ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። አጎትየው ይህን ለምን ማንም እንዳልነገረው ሲጠይቅ፣ ጸሐፊው ሰውየው የጠየቀው ስለ ግብ ብቻ መሆኑን ጠቆመው።

14ኛው ላይ ክሩ መንገድ ሳተ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። አንድ በዕድሜ የገፉ የደንቢያ ሰው ገብተው ይህ ሆኪ የሚባለው ከገና ጨዋታ በምን እንደሚለይ ጠየቁ። በልጅነታቸው ጫፉ ቆልማማ የሆነ ዱላ ከጫካ ቆርጠው፣ በእሳት እያሞቁ አቃንተው፣ ሩሯን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲነዱ ይውሉ እንደነበር ጻፉ። አለቃና ሎሌ ሳይለይ ሁሉም እኩል የሚገባበት፣ የተመታ የማይቆጣበት ጨዋታ ነበር፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለዚህ ነው። ያሸነፈው መንደር የተሸነፈውን በግጥም ሲሰድበው ያመሻል፣ በማግስቱ ግን የማን ልጅ ስንት አገባ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። 15ኛው ዱላው ከወይራ ይሁን ከሌላ እንጨት ተከራከረ። 16ኛው ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በረዶ ላይ ምን አገባን ለሚል ሰው ሮቤል ተክለማርያምን አስታወሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በበረዶ ሸርተቴ የተወዳደረውን። 17ኛው ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደነበረ ተረከና ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዋንጫ የሚጠብቀው ደጋፊ ለተጫዋቾቹ ምን ያህል እንደከበዳቸው ጻፈ። ይኼኛው ከርእሱ የራቀ መሰለ እንጂ አልራቀም።

18ኛውን የጻፈችው እዚሁ ጎንደር ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ ናት። አጎትየውን ጋሼ ብላ በአክብሮት ጀመረች፤ የቀጠለችው ግን እንደዚያ አልነበረም። ባለፈው ጊዜ ለልጁ ደውለው ከግብ ሌላ የጠየቁት ነገር ምን እንደሆነ እንዲነግሯት ጠየቀች። ስንተኛ ክፍል ነው? የሚያሳድሩት ሰዎች ምን ያበሉታል? ጓደኛ አለው? የቱ ትምህርት ይከብደዋል? ሱቁ በር ላይ የተሰቀለውን ፎቶ በየቀኑ እያየች እንደምታልፍና፣ ዘመዶቹ ልጁ ሲከፈለው ቤት ይሠራልናል እያሉ ሲነጋገሩ በጆሮዋ እንደሰማች ጨመረች። ከዚያ ወደ ራሷ ሥራ ገባች። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን እንቅልፍ ያጡ፣ ምግብ አልበላ ያላቸው ልጆች ይመጣሉ። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ እርሷ ታውቃለች። አልጋ ይዘው ካየቻቸው ውስጥ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩበት፤ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራቸው። ወደ ቤት መመለስ ነው የሚፈሩት።

19ኛው ላይ አጎትየው ተቆጣ። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚወደው፣ ሌሊት የሚነሣው ለፍቅር እንጂ ለጥቅም አለመሆኑን፣ ቤተሰቡን የማታውቅ ሴት በአደባባይ ልታዋርደው እንደማይገባ ጻፈ። ፍቅሩን እኔም አልጠራጠርም። 20ኛው ሰው ነርሷን ስለሰደባት ምላሹ ከክሩ ተሰረዘ፤ 21ኛው የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው 22ኛው ጸሐፊ ነው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። በ16 ዓመቱ በትምህርት ቤቶች ውድድር ግብ የሚያዘንብ አጥቂ ነበር፤ አባቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሊፈርም ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ፤ ቡና የጠጣ ሁሉ መረቀው። ሙከራው ላይ በሚመጣው ዓመት ተመለስ ተባለ። ይህ ክፉ መልስ አልነበረም፤ አሰልጣኙ የሩጫውን ፍጥነት ወዶለት እንደነበር ዛሬም ያስታውሳል። እርሱ ግን ጎንደር ለመመለስ ድፍረት አጣ። ከአውቶቡሱ ባሕር ዳር ላይ ወርዶ ሸክም እየሠራ አንድ ዓመት ከረመ፤ አባቱ ፈልገው ሲያገኙት ጫማውን ሸጦት ነበር። በሚመጣው ዓመት የተባለው ዓመት በዚያው አለፈ። አባቱ መልካም ሰው እንደነበሩና እስኪሞቱ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን እንዳልተነጋገሩ ጽፎ አበቃ።

23ኛው የኤድመንተኑ ሰው ነው። የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ ልጁ ወደ እናቱ ቤት ተመልሷል፤ ሰውየውም ለፋሲካ ሊጠይቃቸው ሄዶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። የዱላውን ምላስ በጥቁር የጨርቅ ፕላስተር ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ጫፉ ይጠቀልላል፤ ጨርሶ ያየዋል፤ ይልጠውና እንደገና ይጀምራል። ወለሉ ላይ የተላጠ ፕላስተር ተከምሯል። ዶሮ ወጡ ቀርቦ እናቱ ትጣራለች፣ እርሱ አይነሣም። ሰውየው አጠገቡ ተቀምጦ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ልጁ በተሰባበረ አማርኛ የመለሰው በጥያቄ ነው፤ ጎንደር ያለው ፎቶ አሁንም እንደተሰቀለ ነው ወይ?

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ መጻፍ አልቻልኩም።

24ኛው፣ ያው የድሮው ሯጭ፣ አቋሙን አልለወጠም። የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተህ የምትሮጥበት ምክንያት የለም ይላል፤ እርሱን ራሱን ሰው ያደረገው የአሰልጣኙ ቁጣ እንደሆነ መሰከረ። ሐሳቡ ከንቱ አይደለምና በ25ኛው መለስኩለት። አሰልጣኙ ይጠብቅ የነበረው ልምምድ ላይ መገኘቱን፣ ዳገቱን መጨረሱን፣ መዋሸት አለመዋሸቱን ነው። እነዚህ በልጁ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስንት ግብ እንደሚገባ፣ አሰልጣኝ የት እንደሚያሰልፈው፣ ቁመቱ መቼ እንደሚጨምር፣ መልማይ በየትኛው ምሽት እንደሚመጣ በልጁ እጅ አይደለም። እኛ ግን የደገስነው በእነዚህ ተስፋ ነው። በልጁ ስም የተበደርነው እኛ ሆነን ክፈል ብለን ሌሊት የምንደውለው ለእርሱ ነው። ነሐሴ ላይ ሲመጣ ሊገሠጽ አይገባም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጅራፍ ያጩኽ፣ ሙልሙል ይብላ፣ ስለ ሆኪ የሚጠይቀው ሰው አይኑር። ወላጆቹ ደግሞ አሰልጣኙን ስለ ግብ ሳይሆን ስለ ሰዓት ይጠይቁት፤ ልጁ በየጨዋታው ስንት ደቂቃ እየገባ እንደሆነና ያ እንዲጨምር ምን መሥራት እንዳለበት። ለ17 ዓመት ልጅ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ይህ ነው።

26ኛው ላይ አጎትየው ተመለሰ። ስለ ጠቡ አላነሣም፣ ስለ ፎቶውም አልተናገረም። የጠየቀው ልጁ ሆኪው ባይሳካ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሆን ነው። 27ኛው ጸሐፊ በደንብ መለሰለት። ያ የምዕራብ ሊግ ለተጫወቱለት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያና የመጻሕፍት ወጪ ይሸፍናል፤ ልጁ እስካሁን የሁለት ዓመት አለው ማለት ነው። ቀድሞ በእነዚህ የካናዳ ወጣቶች ሊጎች የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኪ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር፤ በኖቬምበር 2024 በተወሰነው መሠረት ግን ከኦገስት 2025 ጀምሮ በሩ ተከፍቷል። እስከ 20 ዓመቱ እዚያው ተጫውቶ፣ አካሉ ጠንክሮ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እየተማረ መጫወት ይችላል።

28ኛው የአጎትየው ነው፤ እህቱን ደውሎ ልጁ የሚወደውን ትምህርት እንደጠየቃትና ባዮሎጂ እንደሆነ እንደነገረችው ጻፈ። በ29ኛው ነርሷ፣ ቤተሰቡ ነሐሴ ላይ ሲመጣ ልጁ ከፈለገ የሕክምና ኮሌጁን ግቢ ልታስጎበኘው እንደምትችል ገለጸች። አጎትየውም አመሰገናት። ወዲያው በ30ኛው አንድ የአክስት ልጅ ገብቶ ሆኪው ቢቀር ቤታችን ዶክተር ሊያገኝ ነው ብሎ እልል አለ።

31ኛውን የጻፈችው ያችው ነርስ ናት። ልጁ 12ኛ ክፍልን ገና አለመጨረሱን አስታውሳ፣ ዶክተር የሚባለው ነገር ከእርሱ ጆሮ እንዳይደርስ አጎትየው ራሳቸው ለዘመዱ ሁሉ እንዲናገሩ አጥብቃ ጠየቀቻቸው። እስከ ዛሬ ጠዋት መልስ አልሰጡም።